ድንጋዩ ምን ብሎ መለሰ

በዚያ ቅዳሜ በአንድ ክፍል ውስጥ ከእኔ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ። ሸምሱ፣ በጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ እኛ ጄፔ በምንለው ሰፈር ዕቃ የሚያከፋፍል የስልጤ ነጋዴ። ማርቆስ፣ ከከተማው በስተደቡብ ባለችው ካትሌሆንግ ስፓዛ የሚሏትን የሰፈር ሱቅ የከፈተ የሆሳዕና ሰው፣ ጸሎተኛ። ቴምቢ፣ እዚያው ካትሌሆንግ አድጋ አሁን ፕሪቶሪያ የምትሠራ ነርስ። እና የቴምቢ እናት ጋሊና። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ስለ ራሴ ታሪኩ የሚጠይቀውን ያህል ብቻ እናገራለሁ።

በእኛ አቆጣጠር በሰባዎቹ ዓመታት፣ ሩስያ ውስጥ በኡራል ተራሮች ግርጌ ባለች ከተማ የከርሰ ምድር ጥናት ተምሬአለሁ። ወደ አገሬ ተመልሼ ጥቂት እንደ ሠራሁ መንግሥት ተለወጠ፤ የተማርሁበት አገር ስምም እንደ ክስ ይነበብብኝ ጀመር። ቋንቋውን ትችላለህ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለ ቋንቋ ሊያጫውቱኝ ፈልገው አልነበረም። አልችልም ማለትን ተማርሁ። ደጋግሜ ስለው ምላሴም አመነኝ። የዚያን ዘመን ዝርዝር እዚህ አላወጣም።

ጆሃንስበርግ ከገባሁ በኋላ ሸምሱ በሱቁ ጥግ አንድ ወንበር ሰጠኝ። እዚያ ተቀምጬ የወገኖቼን ወረቀት በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፤ ከየቢሮው የሚመጣላቸውንም አነብላቸዋለሁ። «ፕሮፌሰር» ይሉኛል። ግማሹ አክብሮት ነው፣ ግማሹ ፌዝ። የት እንደ ተማርሁ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ የጠየቀኝን ሁሉ «ውጭ» እያልሁ እመልሰው ነበር።

ያን ዕለት ጠዋት ማርቆስ ከካትሌሆንግ በባኪው የተጫኑ ካርቶኖች ይዞ መጣ። ባኪ እዚህ አገር ከኋላ ክፍት ለሆነች ጭነት መኪና የሚሰጥ ስም ነው። አንዲት የሰፈሩ አሮጊት ቤት ለቅቀው ሊሄዱ ስለሆነ፣ ብርጭቆውንና ሳህኑን ሸምሱ እንዲያሻሽጠው ልጃቸው ሰጥታው ነበር። ሸምሱ አንዱን ብርጭቆ ከተጠቀለለበት ወረቀት ፈትቶ፣ ብርጭቆውን ትቶ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይኼ ደግሞ የማን ጽሕፈት ነው? ግሪክ ነው መሰለኝ። ፕሮፌሰር፣ ይቺን ያውቋታል?»

«አላውቃትም» አልሁ፤ ቀና ሳልል።

«እርስዎ ካላወቋት የጂን ጽሕፈት ናት።»

«አንተ ሰውዬ፣ በጠዋት ጂን አትጥራብኝ» አለ ማርቆስ። «የጎጎ ዕቃ ነው፤ ጎጎ ደግሞ ቅን ሴት ናቸው።» ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ሰው አሮጊቶችን ሁሉ እንዲህ ይጠራል።

ያን ጊዜ ቀና አልሁ። ወረቀቱ ሥዕል ያለበት የመጽሔት ሽፋን ነበር። አንድ ሰው በዋሻ ውስጥ ተንበርክኮ፣ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ጆሮውን ከድንጋይ ግድግዳ ላይ ለጥፏል። እጄ ከእኔ ቀድሞ ተነሣና ወረቀቱን ከሸምሱ ጣቶች ወሰደው።

መጽሔቱን አወቅሁት። በዚያው በኡራል አካባቢ የሚታተም የክፍለ አገር መጽሔት ነበር። በአንድ ሽፋን ውስጥ ሦስት ነገር ይዞ ይወጣል፤ የመንገደኞች ጉዞ፣ የአካባቢው ታሪክ፣ ከመሐል ላይ ደግሞ በየወሩ የሚቀጥል የሳይንስ ልብ ወለድ። በወንዝ የወረደ ሰው ማስታወሻ ከአንድ አሮጌ የብረት ማቅለጫ ታሪክ ጎን ይተኛል፤ እርሱ ደግሞ ወደ ሌላ ዓለም ከምትበርር መርከብ ጎን። በመኝታ ቤታችን አንድ ቅጂ ከክፍል ወደ ክፍል ይዞር ነበር፤ ተራ ይዘን እናነብበዋለን። ጉዞ፣ ታሪክና ምናብ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸውን ከዚያ መጽሔት ነው የተማርሁት።

ሥዕሉ በሦስት ወር በሦስት ክፍል ከወጣ ታሪክ ነው። አንድ ወጣት የድንጋይ ተመራማሪ በተተወ የመዳብ ጉድጓድ ውስጥ ሳለ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። ድንጋይ ሕይወት ቢኖረውስ? ግን እጅግ ዘገምተኛ ከመሆኑ የተነሣ አንዲት እስትንፋሱ የሰው ዕድሜ የምትጨርስ ብትሆንስ? ግድግዳውን በመዶሻው ሦስት ጊዜ ይመታና ይሄዳል። ከዚያ በየዓመቱ እየተመለሰ ጆሮውን ይለጥፋል። ባልደረቦቹ ይስቁበታል፤ ሚስቱ ትታገሠዋለች፤ እርሱም ያረጃል። የሁለተኛው ክፍል የመጨረሻ መስመር «ከድንጋዩ ውስጥ መልስ መጣ» ይላል። ከሥሩ «ይቀጥላል» የሚል አለ። ሦስተኛው ክፍል የወጣው እኔ ወደ አገሬ በሚበርረው አውሮፕላን ላይ ሳለሁ ነው።

ምን ብሎ መለሰ? ይህን ጥያቄ በስደት ከኬንያ እስከ ሊምፖፖ ወንዝ ተሸክሜው ዞሬአለሁ። በሙያዬ ብዙ መርምሬዋለሁ። ሦስቱን መልሶ ከመታ የገደል ማሚቶ ነው፤ ሕይወት አይደለም። አንድ ብቻ ከሆነ ድንጋይ ሲሰነጠቅ የሚሰማ ድምፅ ነው። ታዲያ ምን ቢል ነው መልስ የሚሆነው?

ካርቶኖቹን ሁሉ መፍታት ጀመርሁ። የወንዝ ጉዞ አገኘሁ፤ ስለ አንድ አሮጌ ደወል የተጻፈ ታሪክ አገኘሁ፤ ሽፋን አገኘሁ። ከእያንዳንዱ መጽሔት ግን መሐሉ የለም።

«አይጥ በልቶት ነው» አለ ሸምሱ።

«አይጥ በምላጭ አይቆርጥም» አልሁ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከአፌ ወጥቷልና ቀጠልሁ። በዚያ አገር በዚያ ዘመን የምናብ መጻሕፍት እንደ ልብ አይገኙም ነበር። ስለዚህ አንባቢው የመጽሔቱን ሽቦ ቀስ አድርጎ ይፈታል፤ ታሪኩን ከመሐል ያወጣል፤ ክፍሎቹ ሲሟሉለት በመርፌ ሰፍቶ፣ ካርቶን ለጥፎ፣ በቤት ውስጥ ባገኘው ጨርቅ አልብሶ የራሱን መጽሐፍ ይሠራል። እንዲህ ሆኖ የተቆረጠ መጽሔት ተበላሸ አይባልም። ወልዷል ነው የሚባለው።

«ጋሼ» አለ ማርቆስ ቀስ ብሎ፣ «ያነቡታል እንዴ?»

«ሥዕሉን ነው ያየሁት።»

«ሥዕል ስለ መርፌና ስለ ምላጭ ያወራል?» አለ ሸምሱ። «ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚያሳዝን!»

ማርቆስን ስለ አሮጊቷ ጠየቅሁት። ባለቤቷ ለነፃነት ትግል ተሰድዶ ሩስያ የተማረ የካትሌሆንግ ሰው እንደ ነበር፣ እርሷንና መጽሔቶቹን ይዞ እንደ ተመለሰ፣ ከሞተ ቆየት እንዳለ ነገረኝ። በቅርቡ በያዛት የጭንቅላት ሕመም እንግሊዝኛውም ዙሉውም ከአፏ ጠፍቶ የአገሯ ቋንቋ ሩስያኛ ብቻ ቀርቶላታል።

«ልጅቷ ደግሞ ቃል አታውቅም። ነገ ወደ ራሷ ቤት ልትወስዳቸው ነው፤ እሳቸው ግን ከወንበሩ አይነሡም። ምግብ ይገፋሉ። ግድግዳውን ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ሄጄ ጸልዬላቸዋለሁ፤ ጸሎቱን ጨርሼ አሜን ስል እንደገና ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።»

ካርቶኖቹን ትቼ ተነሣሁ። «ውሰደኝ» አልሁት።

ሸምሱ ሱቁን ለወንድሙ ሰጥቶ ከእኛ ቀድሞ ባኪው ውስጥ ገባ። «ፕሮፌሰር ሲናገሩ ሳላይ ብቀር ልጆቼ አይምሩኝም» አለ። ሦስታችንም ፊት ተጣብበን ተቀመጥን። ከከተማው ወደ ደቡብ ስንወጣ ከወርቅ ጉድጓዶቹ የወጣው ቢጫ አፈር እንደ ተራራ ተከምሮ በቀኝም በግራም ይታያል። ያን አፈር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያን ዕለት ግን ከእግራችን ሥር የቀረውን ባዶ ጉድጓድ አሰብሁ። እዚያስ ስንት ሰው መዶሻ መታ? መልሱን ቆሞ የጠበቀስ ይኖር ይሆን?

ቴምቢ በር ላይ ተቀበለችን። ዓይኖቿ ደክመዋል፤ ከኋላዋ ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል።

«ሲስ ቴምቢ» አለ ማርቆስ በእንግሊዝኛ፣ እኅቴ ለማለት፣ «እኚህ ሰው ሩስያኛ ይችላሉ።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ከየት ነዎት፣ ባባ?» አለችኝ፤ አባቴ ማለቷ ነው።

«ከኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ ውስጥ ሩስያኛ ይነገራል?»

«አይነገርም።»

«ከሳቸው ብዙ አትጠብቂ» አለ ሸምሱ፤ «አማርኛም ቢሆን የሚናገሩት በመከራ ነው።»

ቴምቢ ፈገግ ሳትል ከበሩ ዘወር አለችልን። «ወላጆቼ ከስደት ሲመለሱ እኔ ሕፃን ነበርሁ» አለችኝ። «በአገሯ ማንም እንግዳ እንዳይላት ብለው ሩስያኛውን አላስተማሩኝም። አሁን የቀራት እርሱ ብቻ ነው። ነገ ልወስዳት ነው፣ ባባ። እናቴን እያለቀሰች በሰው አሸክሜ ከቤቷ ላውጣት? እንዳልተዋትም ብቻዋን ናት። ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ምን እንደምትፈልግ ብቻ ይጠይቁልኝ።»

ጋሊና ግድግዳ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሰባ ያለፋት፣ ቀጭን፣ ነጭ ጠጉሯን ወደ ኋላ ያሠረች ሴት ናት። አላየችንም። በጣቷ መገጣጠሚያ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታችው፤ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጠበቀች።

ልናገር ከንፈሬን ከፈትሁ፤ ምንም አልወጣም። አንድ ቃል እንኳ። ስለዚህ የቻልሁትን አደረግሁ። ቀርቤ ተንበረከክሁና እኔም ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታሁት።

ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ትንሽ አየችኝና፣ ተማሪው የተሳሳተበት አስተማሪ እንደሚያደርገው ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም» አለች፣ በሩስያኛ።

«ሦስተኛውን ክፍል አላነበብሁትም» አልኋት።

በዚያ ቋንቋ የተናገርሁት የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ። የዛገ ቁልፍ በጓጉንቸር ውስጥ ሲዞር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበረው።

«ለምንድን ነው ያላነበብኸው?»

«አውሮፕላን ላይ ነበርሁ።»

ሳቀች። ቴምቢ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሦስተኛው የት አለ?» አልሁ።

«በጃቡ ሸሚዝ ውስጥ ነዋ።»

ጃቡ ባሏ ነው። ተርጉሜ ስነግራት ቴምቢ ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። «የአባቴን ልብሶች ባለፈው ሳምንት ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ። አንድም አልቀረም።»

ማርቆስ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመረ። እኔ ግን ስለ ሸሚዙ አሰብሁ። ወደ ጋሊና ዞሬ «ሸሚዙ ያልተቀደደ ነበር?» አልኋት።

«ክርኑ ተቀድዶ ነበር። ጀርባው ግን ደህና ነው፤ ሰማያዊ መስመር ያለው። ሙጫውን እኔ ቀባሁ፣ እርሱ ወጠረው።»

«ሸሚዝ አትፈልጉ» አልሁ ለሌሎቹ። «ሸሚዝ የለበሰ መጽሐፍ ነው የምትለው። ወፍራም፣ ሰማያዊ መስመር ያለው፤ ርዕስ ላይኖረው ይችላል።»

የማርቆስ ጸሎት በመሐል ተቋረጠ። «እንደ ጣውላ ደረቅ ያለ? ጥጉ በክር የተሰፋ?»

«አይተኸዋል?»

«ኤይሽ» አለ፤ የዚህ አገር ሰው ሲጨንቀው እንደሚለው። «ዕቃ ሳወጣ ከመደርደሪያው ጀርባ አገኘሁት። ምን እንደሆነ ልጅቷም አላወቀችም፤ 'ውሰደው' አለችኝ። ፍሪጄ ያዘነብል ነበር፣ ጋሼ።»

«የሴትዮዋን ነፍስ ከለስላሳ ሥር ጎዝጉዘህ ትጸልይላቸዋለህ?» አለ ሸምሱ።

ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው። በብረት ፍርግርጉ አልፈን ገባን። ከመቸኮላችን የተነሣ ጠርሙሶቹን ሳናወጣ ፍሪጁን አነሣነው፤ ሸምሱ «ያ አላህ» ሲል ማርቆስ «ጌታ ሆይ» ይላል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳብሁት። ሽፋኑ ላይ የፍሪጁ እግር ክብ አድርጎ ተቀርጿል። ወለል የተጠረገበት ውኃ ሽታ ነበረው። ያም ሆኖ መስመሩ ሰማያዊ ነው፤ ስፌቱም አልላላም።

ስንመለስ ጋሊና ከሩቅ አውቃው ሁለት እጇን ዘረጋች። እኔ ግን ወደ መጨረሻዎቹ ገጾች ገለጥሁ። ርጥበቱ ገብቶ የመጨረሻው ቅጠል ከካርቶኑ ጋር ተጣብቋል። ያን ሁሉ ዘመን ጠብቄ መልሱ ከሙጫ ሥር!

ልስበው ስል ቴምቢ እጄን ያዘችኝ። «ባባ፣ የደረቀ ፋሻ ከቁስል ላይ እንዲህ አይነሣም።» ለብ ያለ ውኃ፣ ጥጥና ወረንጦ አመጣች። ጠርዙን በጥጡ አረጠበች፤ ጠበቀች፤ ጥቂት አነሣች፤ እንደገና አረጠበች። ጋሊና ዓይኗን ከልጇ እጅ ላይ አልነቀለችም። ቅጠሉ ሙሉውን ተነሣ፤ አንዲት ፊደል አልተላጠችም።

አነበብሁ። መጀመሪያ እንደ ሕፃን እየቆጠርሁ፣ ኋላ እየፈጠንሁ፣ ሦስተኛውን ክፍል ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። ጋሊና በቃሏ ስለምታውቀው ከንፈሯ ከእኔ ይቀድም ነበር። ሽማግሌው ተመራማሪ ጆሮውን ድንጋዩ ላይ እንደ ለጠፈ ይቆጥራል። አንድ። ሁለት። ሦስት። የገደል ማሚቶ ነው ብሎ ሊነሣ ይላል። ያን ጊዜ አራተኛው ይሰማል። «ሦስቱ የእኔ ነበሩ» ይላል ሽማግሌው። «አንዱ የራሱ ነው።» ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል።

አራት! ያን ሁሉ ዓመት ሳሰላ ይህ አልመጣልኝም ነበር። ማሚቶ የሰጡትን ይመልሳል፤ የሰማ ግን ከራሱ አንድ ይጨምራል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተረጎምሁላቸው።

ጋሊና ግድግዳውን ሦስት ጊዜ መታች። እጄን አንሥቼ ነበር፤ ተውሁትና ወደ ቴምቢ አመለከትሁ። ቴምቢ ከእናቷ አጠገብ ተንበርክካ አራት ጊዜ መታች።

አሮጊቷ ብዙ ተናገረች፤ እኔም እየተከተልሁ ለልጇ ተረጎምሁ። «ጃቡ መሞቱን አውቃለሁ፤ አላበድሁም። እርሱ ከሞተ ወዲህ ሦስት ስመታ አራት የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ሌላው ቃሌ ሁሉ ሲጠፋብኝ ይቺ ቀረችኝ። በምሄድበት ቤት የሚመልስልኝ ሰው ይኖር እንደሆነ ነው የጠየቅኋችሁ፤ ማንም አልገባውም። አሁን ሾርባ ስጪኝና እንሂድ።»

ቴምቢ ሾርባውን ልታሞቅ ሄደች፤ ከማድ ቤት የሰማነው ግን የሾርባ ድምፅ ሳይሆን ልቅሶ ነበር።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ያ ቀን ምን እንደ ለወጠብኝ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ወደ ፕሪቶሪያ እየሄድሁ ለጋሊና አነብላት ነበር። ሸምሱና ማርቆስ አንዳንዴ ይከተሉኛል። የተረፉትን መጽሔቶች ከብርጭቆዎቹ ላይ አንድ በአንድ ፈትተን፣ በካውያ አቅንተን ሰብስበናል፤ ጉዞውንና ታሪኩን በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ፤ ሸምሱ ደወሉን ማን እንደ ሰረቀው ከማርቆስ ጋር ይከራከራል። የት እንደ ተማርሁ ለሚጠይቀኝም አሁን ከተማውን ጠርቼ እመልሳለሁ። እናንተም የጎደለ ነገር ሲገጥማችሁ፣ የሰውም ይሁን የመጽሐፍ፣ ጠፋ ከማለታችሁ በፊት ምናልባት አንድ ሰው ስለወደደው ለይቶ አስቀምጦት እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ራሴን አይጥ የበላው መጽሔት አድርጌ እቆጥር ነበር።

ብርዱ ሲገባ ጋሊና በእንቅልፏ ዐረፈች። ካትሌሆንግ ከጃቡ አጠገብ ቀበርናት። ሣጥኑ ከመውረዱ በፊት ቴምቢ በጣቷ ሦስት ጊዜ መታችው። መልስ አልመጣም። ማናችንም አልደነገጥንም፤ ድንጋይ ጊዜ ይፈልጋል።

በዚያ ቅዳሜ በዚያ ክፍል ውስጥ አምስት ነበርን። አሁን አራት ነን።